ከስፌት ጠረጴዛው ሥር የተከፈተው ሆቴል

እናቷ ያወጣችላት ስም «ችኩሊት» ነው፤ በልኳ የተሰፋ ስም ነበር። ሻይ ሳይበርድ ትጠጣለች፣ ጥያቄ ሳያልቅ ትመልሳለች፣ ደረጃ ስትወርድ ሦስት ሦስቱን ትዘላለች። የዓመቱ ፈተና ባለቀ ማግስት በትምህርት ቤቷ በር ላይ «ስፓኒሽ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለጀማሪዎች፣ በስድስት ሳምንት» የሚል ማስታወቂያ ስታይም ከታች የተጻፈውን ሳታነብ ነው ሮጣ የተመዘገበችው። ከታች የተጻፈው «በቀን ስድስት ሰዓት» ይላል። ያንን ያወቀችው ከተመዘገበች በኋላ ነው።

ለመሮጧ ግን ምክንያት ነበራት። ታላቅ እህቷ ሩቅ አገር አግብታ የወለደችው ልጅ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ የሚያውቀው ቋንቋ የአባቱን ስፓኒሽ ብቻ ነው። እናታቸው ልብስ ሰፊ ነች። እሑድ እሑድ የስፌት መኪናዋን ታቆምና ፀጉሯን አስተካክላ ስልኩ ፊት ትቀመጣለች። እህቷ ከወዲያ «አቡዌላ ናት፣ አቡዌላን ሰላም በላት!» ትለዋለች። አቡዌላ አያት ማለት እንደሆነ በቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። ልጁ ግን ወደ ስልኩ አንዴ ያይና እግሬ አውጪኝ ይላል። አያቱ የምታየው ጀርባውን ነው።

«ጀርባውንማ አውቀዋለሁ» ትላለች። «ኮት ብሰፋለት ከኋላው ልክክ ነው የሚልለት።» ትስቃለችም፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ታዲያ በተመዘገበችበት ሳምንት እሑድ እህቷ በስልኩ ወሬ ይዛ ብቅ አለች። በክረምቱ መጨረሻ ለሥራ ሥልጠና ልትመጣ ነው፤ ሥልጠናው ሌላ ከተማ ውስጥ ሆኖ አምስት ቀን ይፈጃል።

«እናንተ ጋ ባስቀምጠው ደስታዬ ነበር» አለች። «ግን ከማን ጋር ያወራል? ቢያመው፣ ሽንት ቢመጣው፣ ለማን ይናገራል? አንድ ቀን አድረን ይዤው እሄዳለሁ።»

«አንድ ቀን?» አለች እናታቸው።

ይህን የሰማችው ችኩሊት በእናቷ ትከሻ ላይ ተንጠራርታ ስልኩ ውስጥ ልትገባ ደረሰች። «እኔ አወራዋለሁ! ስድስት ሳምንት ብቻ ስጪኝ!»

እህቷ ከልቧ ሳቀች። «እሺ። ስንመጣ ካወራሽው፣ እሱም ከመለሰልሽ፣ አምስቱም ቀን የእናንተ ነው።»

ቃል ተገባ፤ እናታቸውም በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ የሚመጡበትን ቀን ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔ ከበበችው።

የመማሪያ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አስተማሪው ሸምገል ያሉ፣ ሸሚዛቸው ከአንገት እስከ እምብርት የተቆለፈ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የባሕር ጠረፍ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት የሠሩ ሰው ናቸው። ስፓኒሽን የለመዱት እዚያው ቆመው ነው፤ የሚያስተምሩትም እንደለመዱት ነው። በሩ ላይ ጠረጴዛ አቁመዋል። ጠረጴዛው ላይ በመዳፍ ሲመቱት «ቲንግ» የሚል የናስ ደወል አለ። ከኋላቸው ደግሞ ቁጥር የተጻፈባቸው የእንጨት ቁልፎች ተሰቅለዋል።

ደንቡ እንዲህ ነው። አሥራ ስምንቱም ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት እንግዳ ሆነው ነው የሚመጡት። ደወሉን መምታት፣ ሰላም ማለት፣ ስምን መናገር፣ ክፍል መጠየቅ፣ ቁልፍ መቀበል፣ ከዚያ በቁልፉ ቁጥር ወንበር መቀመጥ። ሁሉም በስፓኒሽ ነው። አንዲት ቃል የሳተ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሦስቱን ፎቅ ወርዶ፣ ግቢው በር ድረስ ሄዶ፣ አዲስ እንግዳ ሆኖ ይመለሳል። አስተማሪው አይቆጡም። «እንግዳ አይሳሳትም፤ ገና አልደረሰም ማለት ነው» ይላሉ፤ በእጃቸውም ደረጃውን ያሳያሉ።

ችኩሊት በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ጊዜ ወረደች። ገና እሳቸው «ብዌናስ» ብለው ሰላምታ ሲጀምሩ እሷ ስሟን፣ የክፍሉን ቁጥርና የምስጋናዋን ቃል አንድ ላይ ትዘረግፈዋለች። በዘጠነኛው ጉዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የወንበር ጎረቤቷ፣ ከቁመቱ የተነሳ «ምሰሶው» የሚባለው ልጅ፣ ሰባት ጊዜ ወርዶ በላብ ተጠምቋል። «ስፓኒሽ ነው ወይስ ስፖርት ነው የተመዘገብነው?» አላት። ሁለቱም እየሳቁ ተያይዘው እንደገና ወጡ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ግን አንድ ነገር ሆነ። ደወሉን መታች፤ አስተማሪው ጠየቁ፤ አፏ መለሰ። ሳታስበው፣ ሳትተረጉመው፣ ራሱ መለሰ! ቁልፍ ቁጥር አሥራ አንድ መዳፏ ላይ ሲያርፍ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ ያሉትን የቤት ቁጥሮች፣ የአውቶቡስ ቁጥሮችና የመኪና ታርጋዎች በሙሉ በስፓኒሽ ቆጥራ ነው የገባችው። መንገድ ላይ ያገኘቻት ጎረቤት «ምን ነካሽ? ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ብትላት መልሷ ሠላሳ አራት ነበር።

ቤት ስትገባም ልምምዱ አይቆምም። የእናቷ የመቁረጫ ጠረጴዛ የእንግዳ መቀበያ ይሆናል፤ እናቷ መርፌ እንዳይወጋት በጣቷ የምታጠልቀውን የብረት ቆብ ችኩሊት ወስዳ የትልቁን መቀስ ጎን ትመታበታለች። «ቲንግ።»

«እማዬ፣ እንግዳ ሁኚልኝ።»

«ይሄን እጅጌ ሳልጨርስ የትም አልሄድም።»

«እዚያው ተቀምጠሽ። አዎ ከሆነ ሲ፣ አይ ከሆነ ኖ ብቻ በይ።»

እናቷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ «ሲ» ትላለች፤ ስትሰለች «ኖ» ትላለች። ችኩሊት ግን በቀን አርባ ጊዜ ክፍል ታከራያታለች። ቲዬኔ ሬሴርባ? ቦታ አስይዘዋል ወይ? በማን ስም? ለስንት ሌሊት? የስፌት መኪናው ይንገጫገጫል፣ ችኩሊት ትጮኻለች፣ እናቷ ጨርቋን ትገፋለች። ስታዳምጥ ማንም አላያትም።

ጭንቁ የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው። ችኩሊት የምታውቀውን ሁሉ በደብተሯ ላይ በተርታ ስትጽፍ ወገቧን የቆረጣት ነገር ተገለጠላት። ፎጣ ማስመጣት ትችላለች። አሳንሰሩ ተበላሽቷል ማለት ትችላለች። ቁርስ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ መስኮቱ ወደ ባሕሩ እንደሚያይ፣ ሻንጣዋ እንደጠፋ አሳምራ ትናገራለች። ለአራት ዓመት ልጅ የሚነገር ግን አንድም ነገር የላትም!

«ልጁ ፎጣ ከጎደለው ምንም ችግር የለም» አለ ምሰሶው፤ በዓይኗ ቀጣችው።

አስተማሪው ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ጀርባው፣ ስለ አንዱ ቀን፣ ስለ አምስቱ ቀን። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ልጄ» አሉ፣ «የራሴ የምለው ስፓኒሽ ያው የሆቴሉ ነው። ያለኝን ሰጥቼሻለሁ፤ የሌለኝን ከየት ላምጣልሽ?»

ስለዚህ ከመዝገበ ቃላት ገልብጣ አራት ዓረፍተ ነገሮች ሸመደደች። ና እንጫወት። አትፍራ። እኔ አክስትህ ነኝ። ዳይኖሰር ትወዳለህ? እንዳይጠፉባትም በግራ መዳፏ ላይ ጻፈቻቸው።

በተከበበው ቀን ከሰዓት በኋላ መኪና በሩ ላይ ቆመ። እህቷ ወረደች፤ ልጁ ከቀሚሷ ጋር የተሰፋ ይመስል ተጣብቆ ወረደ፤ በብብቱ አረንጓዴ ዳይኖሰር ይዟል። አያቱ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። ልጁ የተዘረጉትን እጆች አይቶ፣ በመካከላቸው ሾልኮ፣ ቤት ገባና የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተወሸቀ። እስከ መሬት የተንጠለጠለው ጨርቅ ከኋላው ተዘጋ። አያቱ እጆቿን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

«ይለምዳል» አለች እህቷ፤ ራሷም አላመነችውም።

ችኩሊት ተንበርክካ ከጨርቁ ፊት አራቱንም ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ትንፋሽ ለቀቀቻቸው። ልጁ ጨርቁን ይበልጥ ወደ ውስጥ ጎተተው። መዳፏን አየች፤ ቀለሙ በላብ ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል። እንደገና ሞከረች፤ አሁን ከጠረጴዛው ሥር የሚሰማው ለቅሶ ነበር። እህቷ ጎንበስ ብላ አባበለችው፤ ቀና ስትል ፊቷ አዝኗል።

«አትዘኑብኝ» አለች። «እንዲህ ሆኖ ትቼው መሄድ አልችልም።» ስልኳን አውጥታ፣ ሁለት መሆናቸውን ልትነግረው፣ ነገ ጠዋት ለሚወስዳቸው ሹፌር ደጋግማ ትደውል ጀመር።

እናታቸው የስፌት መኪናዋ ፊት ሄዳ ተቀመጠች፤ ክር ሳታስገባ መንኮራኩሩን በእጇ ታሽከረክራለች። ችኩሊት ያንን አየች። ስድስት ሳምንት! ያ ሁሉ ደረጃ! ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቸኩል፣ እዚያው እንደተንበረከከች አሰበች። ዘጠኝ ጊዜ የወረደችው ለእነዚያ ለአራቱ ዓረፍተ ነገሮች አልነበረም። በእርግጥ የእሷ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ተነሳች። ሸሚዟን እስከ አንገቷ ቆለፈች። ከጠረጴዛው ጀርባ ቆማ የብረት ቆቡን በጣቷ አጠለቀችና የመቀሱን ጎን መታች።

«ቲንግ።»

ለቅሶው ቆመ። የጨርቁ ጫፍ ተገለጠና አንድ ዓይን ታየ።

«ብዌናስ ታርዴስ፣ ሴኞር» ብላ በስፓኒሽ ሰላም አለችው ችኩሊት፣ የአስተማሪዋን ድምፅ ከነመጎርነኑ አውጥታ። «እንኳን ወደ ሆቴላችን በደህና መጡ። ቲዬኔ ሬሴርባ?»

ሁለተኛው ዓይን ታየ። ከዚያ አፍንጫ። ልጁ ነገሩን መዘነው፤ ደወሉንም፣ ሴትዮዋንም።

«ኖ» አለ።

መለሰ! የችኩሊት ልብ ከአፏ ሊወጣ ደረሰ፤ ፊቷ ግን የእንግዳ ተቀባይ ፊት ነው፤ አልተነቃነቀም። የእናቷን የልብስ ልክ መመዝገቢያ ደብተር ከፈተች፣ በጣቷ ወረደችበት። «አንድ አፍታ፣ ጌታዬ። ለስንት ሰው?»

ልጁ ተሳበና ወጣ፤ ዳይኖሰሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ለሁለት። ይሄ ይናከሳል።»

«ሆቴላችን እንስሳት ይቀበላል።» ይህ የሦስተኛው ሳምንት ትምህርት ነበር። «ለስንት ሌሊት?»

ልጁ ጣቶቹን አየ፤ አልበቁትም። «ሃያ መቶ!»

«በጣም አዝናለሁ፣ ጌታዬ» አለች ችኩሊት። ይህ የአራተኛው ሳምንት ነው። «ያለን የአምስት ሌሊት ክፍል ብቻ ነው።»

ልጁ ከዳይኖሰሩ ጋር በጆሮው ተመካከረ። ከዚያ ትልቅ ሰው እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ። «ሲ።» ችኩሊትም ከክር መደርደሪያው ቀይ የክር ማጠንጠኛ አንስታ፣ በጠመኔ ቁጥር አራት ጽፋበት፣ በሁለት እጇ እንደ ቁልፍ አስረከበችው።

እህቷ ስልኩን በጆሮዋ እንደያዘች ፈዛ ቀርታለች። ሹፌሩ ከወዲያ ሃሎ ሃሎ ይላል። «አቤት፣ አለሁ» አለች። «አይ፣ ሁለት አይደለንም። ነገ እኔ ብቻ ነኝ።»

አምስት ቀን! ችኩሊት መዝለል አማራት፤ ግን ሥራ ላይ ናት። ደግሞም እንግዳው አሁን ቁልፉን አስቀምጦ ወንበር እየጎተተ ነበር። ወንበሩ ላይ ወጣ፣ የብረት ቆቡን ከጣቷ ነጠቃትና እሷን ወደ ጎን ገፋት። ከእንግዲህ እንግዳ ተቀባዩ እሱ ነው።

በዚህ ጊዜ የስፌት መኪናው ወንበር ተንቋቋ። እናታቸው ተነሳች። የእጅ ቦርሳዋን ከሚስማሩ አወረደች፣ ፀጉሯን እንደ እሑድ አስተካከለችና ማንንም ሳታይ ከቤት ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ምነው፣ ተቀየመች እንዴ?» አለች እህቷ።

በሩ ተንኳኳ። እናታቸው ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ገባች፣ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ቀጥ ብላ ተራመደች፣ ቆመች።

ልጁ መቀሱን መታ። «ቲዬኔ ሬሴርባ?»

«ሲ፣ ሴኞር» አለች።

ልጁ ደብተሩን ገለጠ። በማን ስም እንደሆነ ጠየቃት። ችኩሊት ልትተረጉምላት አፏን ከፈተች፤ እናቷ ግን ይህን ጥያቄ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ስድስት ሳምንት ሙሉ በቀን አርባ ጊዜ ሰምታዋለች።

«አቡዌላ» አለች።

ማንበብ የማይችለው ልጅ ጣቱን በወገብና በትከሻ ልኮች ላይ ሲያወርድ ቆየ፤ አንድ መስመር ላይ አቆመውና ቀና ብሎ ፊት ለፊት ተመለከታት። «አቡዌላ» አለ። «መዝገቡ ላይ አለሽ።» ከክር መደርደሪያው ሌላ ማጠንጠኛ ፈለገ፣ አንዱን አነሳ፣ መለሰው። በመጨረሻ ቀዩን የራሱን አነሳና መዳፏ ላይ አስቀመጠው። ቀጥሎም አንድ ረጅም ነገር በጥድፊያ ነገራት፤ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ዳይኖሰሩ፣ ማን በየት በኩል እንደሚተኛ።

ችኩሊት አላስቻላትም። «እማዬ፣ ምን አለሽ መሰለሽ፣ ከእኔ ጋር ነው የምታ...»

እናቷ ማጠንጠኛውን ጨብጣ፣ ዓይኗን ከልጁ ሳታነሳ፣ በሌላው እጇ አስቆመቻት።

«ተይ፣ አትቸኩዪ» አለች። «ገብቶኛል።»