ያልገጠመው መንጋጋ

ፕሮፌሰሩ የመመረቂያ ጽሑፌን የጣለው በሰው ፊት ነው። የገደል አይጥ ራሷን የቻለች ቤተሰብ ናት፣ ከተራ አይጦች ጋር አትመደብም ብዬ ነበር። በእጃችን ያለውን ብቸኛውን የራስ ቅሏን ከአራት መቶ ተራ አይጦች ጋር አስተያይቻለሁ። «እመቤቲቱ ጥርስ ቆጥራ ቤተሰብ መሠረተች!» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር፤ ምኑም ሳይገባት አብራ ሳቀች። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሳልመረቅ ቀረሁና የሙዚየሙ አጥንት ክፍል ጠባቂ ሆንኩ። የፕሮፌሰሩ መከራከሪያ የገደል አይጧ መንጋጋ ነበር፤ ቁርጥ የተራ አይጥ መንጋጋ ነው ይል ነበር። አይጧን ወጣት ሳለ ራሱ አጥምዶ፣ ጭንቅላቷን ራሱ ቀቅሎ አጽድቷል፤ መንጋጋውን ቢሮው ቆልፎበት ለማንም አያስነካም።

እኛ ዘንድ ሥጋው እንዲለቅ ጭንቅላት ይቀቀላል። ሁለት ጭንቅላት ግን በአንድ ማሰሮ አይገባም፤ ከገባ መንጋጋ ይቀያየራል። ከሦስት ዓመት በፊት ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሲቀይር መንጋጋው ወደ እኔ መጣ። ከራስ ቅሏ ጋር ላገጣጥመው ብሞክር እምቢ አለ። ከገደል አይጧ ጋር በአንድ ቀን የተያዘች የአንዲት ተራ አይጥ ሣጥን ከፈትኩ፤ እዚያ ያለው፣ የተራ አይጥ የማይመስለው መንጋጋ፣ ከገደል አይጧ ራስ ቅል ጋር ልክክ አለ። ሰውዬው ቸኩሎ ሁለቱን አብሮ ቀቅሏቸዋል! ያኔውኑ መናገር እችል ነበር። ግን በዚያው መንጋጋ ላይ ተመሥርቶ ትልቁን መጽሐፉን እየጻፈ ነበር። ይጻፍ፣ ይታተም፣ ያኔ አንጀቴ ይርሳል አልኩ።

ዘንድሮ ባለሙያዎች የአይጧን ጉዳይ ሊቋጩ ተሰበሰቡ። ሁለቱን ሣጥኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ «እስቲ ፕሮፌሰር፣ ራስዎ ይግጠሙልን» አልኩት።

ሞከረ። አገላብጦ ሞከረ። ከሌላኛው ሣጥን ያለውን መንጋጋ አነሣ፤ እሱ ገጠመ። እሰይ! ደስታዬን አልደብቅም።

መነጽሩን አውልቆ፣ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

«ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

«መጽሐፌ እኮ የወጣው አምና ነው።»

«አውቃለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። የሚያዩት እሱን መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኔን ነው። እሱ ቀስ ብሎ ተነሣና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። የገደል አይጥ ራሷን የቻለች ቤተሰብ ናት» አለ። አጨበጨቡለት።

የሙዚየሙ ኃላፊ የሆነችው ሰብሳቢ ወደ እኔ ዞራ፣ «ማስረጃ ደብቆ የሚያቆይ ሰው እዚህ አይሠራም። ቁልፉን አስረክቢ» አለችኝ። ከዚያ ለአዲሱ ቤተሰብ ስም የሚያወጣለት ማን ይሁን ብላ ጠየቀች።

ሁሉም በአንድ ድምፅ እሱን መረጡ።