ቧንቧውና ጉርሻው

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ በአቡ ጀድዓን እንግዳ መቀበያ የተገኘነው አራት ሰዎች ነን፤ የመንደሩ ሽማግሌ ሐጅ ሙጥለቅ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ ፈዋዝ፣ የቤቱ ጌታ አቡ ጀድዓን፣ እና እኔ ዐዋድ።

ሦስታችን የሄድነው የውሃ ቧንቧ ማለፊያ መሬት ልንለምን ነው። ከመንደራችን በላይ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ሠላሳ ዓመት ሲገማ ኖሮ ዘንድሮ ታደሰ። አረንጓዴዎቹ ኩሬዎች ተጠርገው አየር የሚነፋባቸው ገንዳዎች፣ የአሸዋ ማጣሪያና ጀርም የሚገድሉ መብራቶች ገቡ። ሰኞ ዕለት መሐንዲሷ ረውዳ የተጣራውን ውሃ በብርጭቆ ቀድታ አሳየችን። ከብርጭቆው ማዶ የጣቷ ቀለበት ይታይ ነበር።

"ለመጠጥ አይደለም" አለች፤ "ለወይራና ለከብት መኖ ግን ከዚህ የተሻለ አታገኙም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የጉድጓዳችን ውሃ ጨው ጨው ካለ ወዲህ አባቴ የተከላቸው ወይራዎች ከጫፋቸው እየደረቁ ነው። ሌላ አንድ በጋ አይችሉም። ቧንቧው ወደ እኛ ሊመጣ የሚችለው ደግሞ ማጣሪያው ሥር ባለው በአቡ ጀድዓን ማሳ በኩል ብቻ ነው፤ እሳቸውም እምቢ ብለዋል። እስከ እሑድ መንገድ ካልተገኘ ውሃው ማዶ ወዳለው የመንግሥት የጥድ ደን ይሄዳል።

ስንሄድ መኪና ውስጥ ሐጅ ሙጥለቅ መከሩኝ። "ስማ የወንድሜ ልጅ፣ ለልመና የሄደ ሰው ጥያቄው ሳይፈቀድለት ከማዕዱ አይቀምስም። እንግዳ ጦሙን ከተመለሰ ውርደቱ የጋባዡ ነው። ስለዚህ ይፈቅዳል።"

"ከበላህ ግን ጥያቄውን ከሥጋው ጋር ዋጥከው ማለት ነው" አለ ፈዋዝ።

"አልበላም።"

"አንተ እኮ እምቢ ማለት አታውቅም። ባለፈው ባለሱቁ የሴት ጫማ ሲሰጥህ አመስግነህ ይዘህ መጣህ።"

አቡ ጀድዓን መምጣታችንን ሰምተው በግ አርደዋል። በትልቅ ትሪ ሩዝ፣ በላዩ ሥጋ፣ በሥጋው ላይ ከደረቀ እርጎ የተሠራ ትኩስ መረቅ ፈስሶበት ቀረበ። ሐጅ ሙጥለቅ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"አቡ ጀድዓን፣ ጥያቄ አለን። እስክትሰጠን ማዕድህን አንነካም።"

"ጥያቄህን አፍንጫዬ ያውቀዋል" አሉ አቡ ጀድዓን። "የልጄ ሠርግ ዕለት ሙሽራው አፍንጫውን በሻሹ ይዞ ነው የገባው።"

"ያ አለፈ። አሁን ውሃው እንደ ምንጭ የጠራ ነው።"

"ለእናንተ ይጥራ። እኔ ጋ የሚያልፈው ቧንቧው ነው።"

 ከሩዙ እንፋሎት ይወጣል። ድንገት አቡ ጀድዓን ከለስላሳው ሥጋ ቆርሰው፣ በሩዝ ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ።

"የሟቹ የሰልማን ልጅ አይደለህም? አባትህ ከዚህ ማዕድ ብዙ ጊዜ በልቷል። እንካ።"

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። መረቁ በክንዳቸው ይወርዳል። የሽማግሌ እጅ ተዘርግቶ ሲቀር ማየት አልቻልኩም፤ ጎረስኩ።

ፈዋዝ ዓይኑን ጨፈነ። ሐጅ ሙጥለቅ መቁጠሪያቸውን ፈለጉ።

"በሉ እንግዲህ" አሉ አቡ ጀድዓን እየሳቁ፤ "ጥያቄው ተዋጠ። ሳይበርድ ብሉ።"

ጆሮዬ ነደደ። አባቴ ወይራዎቹን ሲኮተኩት ታየኝ። ጉርሻውን እንደምንም ዋጥኩና እንዲህ አልኩ፦

"የበላ ሰው ደግሞ ይጋብዛል። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እኔ ጋ ነው፤ ማጣሪያው ግቢ ውስጥ።"

"ፍሳሹ ዳር?"

"እዚያው።"

የበላ እንግዳ ሲጋብዝ እምቢ አይባልም። አቡ ጀድዓን መሳቃቸውን ትተው ጺማቸውን አሹ። "እመጣለሁ" አሉ።

ስንመለስ ፈዋዝ "ጥዶቹ ሰላም ብለውሃል" አለኝ። 

ቅዳሜ መሐንዲሷን አስፈቅጄ ከመጨረሻው የጠራ ውሃ ገንዳ አጠገብ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ዳቦ፣ አይብና ከአባቴ ወይራ የቀረን ዘይት አቀረብኩ። ሐጅ ሙጥለቅና ፈዋዝ ቀድመው ደርሰዋል። አቡ ጀድዓን በሩ ላይ ሲደርሱ ሻሻቸውን እንደ ልማዳቸው አፍንጫቸው ላይ ጠቀለሉ። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ፈቱት። ገንዳው ዳር ቆመው የራሳቸውን ጥላ ታች ድረስ አዩ። መጥተው ተቀመጡ። እጃቸውን ግን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ጥያቄ አለኝ" አሉ። "እስክትሰጡኝ አልበላም።"

ሐጅ ሙጥለቅ አፋቸውን ከፈቱ።

"ቧንቧው በማሳዬ ይለፍ። ግን ለእኔም ውሃ ይከፈትልኝ። ሠላሳ ዓመት ሽታውን የተሸከምኩ ሰው፣ ውሃው ሲያልፍ ቆሜ ልይ?"

"ታዲያ ሐሙስ ለምን አልተናገርክም?" አሉ ሐጅ ሙጥለቅ።

"ሐሙስ ጋባዥ ነበርኩ። ጋባዥ ከእንግዳው ይለምናል እንዴ?"

ሁላችንም መሐንዲሷን አየናት። "የሚከፈትበትን ቦታ ያሳዩኝ እንጂ ይቻላል" አለች።

"ተሰጥቷል፤ ብላ" አሉ ሐጅ ሙጥለቅ።

አቡ ጀድዓን ዳቦ ቆርሰው ዘይቱ ውስጥ ነከሩና መጀመሪያ ለእኔ ዘረጉ።

"ጉረሰው" አለ ፈዋዝ። "ዛሬ ችግር የለውም።"

እሑድ ቁፋሮው ተጀመረ። ውሃው በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ መጀመሪያ ወደ አቡ ጀድዓን ማሳ፣ ቀጥሎ ወደ ወይራዎቼ።