የወርዋሪው ወገብ

«ለመሆኑ ስንት ጎል አገባ?»

ጋሼ አድማሱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መልስ ይጠብቃሉ። በቀብር ቀን የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። አሁን የሚጠይቁት የሟቹን እህት አፀደን ነው። ወንድሟ አናንያ አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት በፉትቦል እንጀራ በልቷል፤ ስንት ጎል እንዳገባ ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አለች።

«እህቱ አይደለሽም እንዴ?»

«ርቄ ነበር እኮ።»

«እሱስ ርቆ አልነበር? ሁላችሁም ርቃችሁ ታሪካችሁን ለእኛ ትተዉታላችሁ።» መነጽራቸውን አወረዱ። «ግድ የለም፣ ‹በርካታ ጎሎችን በማስቆጠር› ብዬዋለሁ። በርካታ ከተባለ ቁጥር የሚጠይቅ የለም።»

አውስትራሊያ፣ ሜድስቶን ሰፈር ያለው የእናቷ ቤት ሶፋዎቹ ወደ ጋራዥ ወጥተው፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ታጣፊ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። እናቷ እትዬ ታየች መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። አናንያ ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ሊያሰለጥን ጫማውን እያሰረ ነበር ልቡ ቀጥ ያለው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ለዓርብ ተቀጥሯል፤ እስከዚያ ቤቱ ከሰው አይጎድልም።

አፀደ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ሆና የሚገባውንና የሚወጣውን ታያለች። ግላስጎው ለትምህርት ሄዳ አሥር ዓመት ከረመች፤ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። መመለሷ ትክክል ይሁን አይሁን አልወሰነችም። አንዱ ሻንጣዋ እስካሁን አልተፈታም።

እሷና አናንያ ያደጉት ፍሌሚንግተን ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ነው። ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ እሱ ሊፍት ውስጥ ሲገባ ሰዎች ቀና ብለው የክብደት ልኩን ማስታወቂያ ያነቡ ነበር። የሰፈሩ ልጆች የሚጫወቱት የአውስትራሊያ ፉትቦል ሩጫ ይበዛበታል። አሰልጣኙ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «በጣም ጨዋ ልጅ ነህ፤ ግን ኳሱ ጋ ትደርሳለህ ብዬ አልጠብቅም» ብሎ አሰናበተው። ጎረቤታቸው ሱሌይማን ነው ዕድሉን የከፈተለት። የሱሌይማን አባት ታክሲ ባትሪው ሞቶ ቆሞ ሳለ፣ አናንያ ዳገቱን ብቻውን ሲገፋው በስልኩ ቀረጸና ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። በረዶ ከማይጠፋበት የአሜሪካ ክፍለ ሀገር፣ ለፉትቦል ቡድኑ ጉልበተኛ የሚፈልግ አንድ ዩኒቨርሲቲ ደወለ። ከዚያ ትምህርቱ፣ ከዚያ የክለብ ኮንትራት፣ ከዚያ የጉልበት ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ሌላ ክለብ፣ ደግሞ ሌላ ቀዶ ጥገና። ሲመለስ ላቨርተን ኖርዝ ያለ መጋዘን ውስጥ ፈረቃ መሪ ሆነ። ስለዚያ ዘመኑ ሲጠየቅ «ሥራ ነበር» ይልና ጨዋታ ይለውጣል።

አፀደ አንድ ጊዜ ብቻ ጨዋታውን አይታ ታውቃለች። ገና ከመጀመሩ ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ሮጠ፤ ወንድሟ ከስክሪኑ ጠርዝ ወጥቶ ቀረ። ጨዋታው እስኪያልቅ እንደዚያው ነበር። ሰው ያን ያህል ርቆ የሚሄደው ካሜራ ዞር ሲል ለሚቀር ሥራ ነው? ጥያቄው ያኔም አሁንም ስለ እሱ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ራሷም ነበር። ግላስጎው የጻፈችውን የመመረቂያ ጥናት ከፈታኞቿ ሌላ ያነበበው ሰው የለም።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሼ አድማሱ ያዘጋጁትን ለማሰማት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹ወንድማችን አናንያ በአሜሪካ ምድር በርካታ ጎሎችን በማስቆጠር…›»

ሱሌይማን ከትራም ሥራው ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። በቡጢው አፉን ሸፈነ።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ይቅርታ ጋሼ። አናንያ ኳስ ነክቶ አያውቅም።»

«የኳስ ተጫዋች አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን የአሜሪካኖቹ ኳስ ነው፣ በእጅ የሚወረወረው፤ እሱ ደግሞ ላይንማን ነበር።»

«ላይንማን?» ጋሼ አድማሱ ወደ እትዬ ታየች ዞሩ። «ባንዲራ የሚያውለበልበው? ዳኛ ነበር እንዴ ልጅሽ?»

ሱሌይማን ጫማውን አውልቆ ተነሳ። «ይቁሙልኝ ጋሼ። እርስዎ ወርዋሪው ነዎት። ኳሱ ይኸው።» የሶፍቱን ካርቶን ሰጣቸው። «ደመላሽ፣ አንተ ደግሞ ሳይወረውሩ ጋሼን ልትጥል የምትመጣ ሰው ነህ።»

ደመላሽ ከአናንያ ጋር መጋዘን ይሠራ የነበረ፣ በር የሚሞላ ሰው ነው። «እሳቸውንማ ካለፈው የዕድር ስብሰባ ጀምሮ ስፈልጋቸው ነበር» አለ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ንግግሬን በመሀል አቋርጠውኛል።»

«ረዝሞ ነዋ!»

ቀጭኑ ሱሌይማን ጀርባውን ለጋሼ አድማሱ ሰጥቶ ቆመ። እግሩን ከፈት፣ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፤ መዳፎቹን ከደረቱ ፊት ዘረጋ። «አናንያ እዚህ ነው። እርስዎን አያይዎትም። ኳሱ የት እንደደረሰም አያይም። የሚያየው የሚመጣበትን ሰው ብቻ ነው። አይመታውም፣ ጨምድዶም አያስቀረውም፤ ክልክል ነው። ፊት ለፊት ይቀበለዋል፣ ክብደቱን ይወስድለታል፣ ያዘገየዋል። እርስዎ እስኪወረውሩ ድረስ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው።»

«ሦስት ሰከንድ!» ጋሼ አድማሱ ካርቶኑን ዝቅ አደረጉ። «ለሦስት ሰከንድ ነው እንዴ አሜሪካ ድረስ የሄደው?»

አፀደ ጥግ ላይ ሆና ጥያቄውን ሰማች። ከራሷ አፍ የወጣ መሰላት።

«እስቲ ይሞክሯት» አለ ሱሌይማን። «ደመላሽ፣ ና!»

ደመላሽ መጣ። ሱሌይማን በካልሲው ምንጣፉ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ትከሻው ታጠፈ፤ ግን ከደመላሽ ፊት አልተለየም። ጋሼ አድማሱ «ኧረ ቆይ! ኧረ ገና ነኝ!» እያሉ ሁለት እርምጃ ሸሹና ካርቶኑን ዓይናቸውን ጨፍነው ወረወሩት። እትዬ ታየች ጭን ላይ አረፈ።

ደመላሽ እጁን ከሱሌይማን ትከሻ ላይ አነሳ። እትዬ ታየች ካርቶኑን አየችው፤ አንድ ሶፍት መዘዘች፤ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ደርሶኛል» አለች።

ልጇ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሷ ስትስቅ ሁሉም ሳቀ። ጋሼ አድማሱ ወንበራቸው ላይ ወድቀው ደረታቸውን ይዘው ሳቁ።

ሳቁ ሳያልቅ ከውጭ በር ላይ ድምፅ ተሰማ። «አናንያዬ! ወይኔ ልጄን!» የእትዬ ታየች እህት አስካለማርያም ከሲድኒ መድረሷ ነው። እሷ ለቅሶ ስትገባ ቤት ይናወጣል፤ ደረቷን ትደቃለች፤ ሐዘንተኛዋ ላይ ተወርውራ ትወድቃለች። የእትዬ ታየች ፊት ተለወጠ። እጇ ፍራሹን ጨበጠ።

አባታቸው የሞቱ ጊዜ በሩ ላይ የሚቆመው አናንያ ነበር። እያለቀሰ የሚገባውን ሁሉ ያቅፈዋል፤ ጮኾ እስኪወጣለት ያቆየዋል፤ ከዚያ ወደ እናቱ ያሳልፈዋል። አፀደ ያኔ የገረማት፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያለቅሰው እሱ ላይ መሆኑ ነበር። አሁን ሱሌይማን በሩን አየ። ደመላሽም አየ። ሁለቱም የቤቱ ልጆች አይደሉምና አልተነሱም።

አፀደ ተነሳች። የሳሎኑ መግቢያ ላይ ደርሳ እግሯን ከፈት፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ቆመች። አክስቷ በሙሉ ክብደቷ መጣች። አፀደ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ አልወደቀችም። አቀፈቻት። ጆሮዋ ሥር የነበረው ጩኸት ቀስ እያለ ሲቃ ሆነ፤ ሲቃው ትንፋሽ ሆነ። ትከሻዋ በእንባ ራሰ።

«እሷስ? የት ናት?» አለች አስካለማርያም በመጨረሻ፣ በሰው ድምፅ።

አፀደ ያኔ ዞር አለችላት።

እህትማማቾቹ ተቃቅፈው በዝግታ አለቀሱ። እንግዳው ቀለል ሲል እትዬ ታየች ልጇን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«እኔ ኳሱን አይቼው አላውቅም» አለቻት። «ሁሉም ኳሱን ተከትሎ ሲጮህ እኔ የተከመሩትን ሰዎች ነበር የማየው። የኔ ልጅ ተነሳ ወይስ አልተነሳም? ይነሳል። ከዚያ ያን ከኋላው የሚቆመውን ወርዋሪ ከመሬት በእጁ ያነሳዋል። ስሙ ማን ነበር?»

«ትራቪስ» አለ ሱሌይማን ከበሩ አጠገብ።

«ትራቪስ። አናንያ ጉልበቱን በተቀደደ ዓመት፣ እሱ በሌለበት ያን ልጅ ጥለው ወገቡን ሰበሩት። ስጸልይለት ኖርኩ። ተሻለው ይሆን? እስቲ ጠይቂልኝ።»

ዓርብ ዕለት ጋሼ አድማሱ መድረኩ ላይ ወጥተው ስልካቸውን አዩ፤ ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት። «ወንድማችን አናንያ» አሉ፣ «አንድም ጎል አላገባም።» ጋሼ ተሳስተዋል ብሎ የደነገጠው ምዕመን አንገቱን ቀና አደረገ። «ሥራው አልነበረም። ሥራውን እኔ ማክሰኞ ዕለት ቆሜበት አይቼዋለሁ፤ ሦስት ሰከንድ በጣም ረጅም ጊዜ ነው።» እናቷ በአዎንታ ራሷን ስትነቀንቅ አፀደ ከጎኗ ሆና አየቻት።

ከቀብር መልስ ቤቱ ውስጥ ሱሌይማንና ደመላሽ ወንበሮቹን እያጠፉ ሳለ፣ አፀደ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትራቪስን በስልኳ ፈለገችው። አሁን ቴሌቪዥን ላይ ስለ ጨዋታ የሚያወራ፣ ብዙ ሺህ ሰው የሚከተለው ሰው ሆኗል። በእንግሊዝኛ ጻፈችና ለእናቷ በአማርኛ አነበበችላት፦ «የአናንያ እህት ነኝ። ዛሬ ቀበርነው። እናቴ ወገብህ ተሽሎህ እንደሆነ ትጠይቃለች።»

«ስትቀመጥ ትራስ አድርግበት በይው።»

ጨመረችው። ላከችው። ስልኩን ወንበር ላይ አስቀምጣ ከእናቷ ፊት ቆመች፤ እግሯን ከፈት አድርጋ ሁለት እጇን ዘረጋችላት። እትዬ ታየች ያዘቻት፤ ከፍራሹ ተነሳች።

መልስ አልመጣም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።