ሰማንያኛው ገጽ

የፍኖተ ሰላሟ የአማርኛ መምህርት ያምሮት ለማንም ነግራው የማታውቀው ነገር ነበራት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማረችውን ያን ወፍራም የጥንት ልብ ወለድ አንብባ ጨርሳው አታውቅም። ተማሪ ሳለች ሦስት ጊዜ ጀመረችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰማንያኛው ገጽ ላይ ተወችው። በመጽሐፉ አንድ ሽማግሌ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ክረምቱን ሙሉ ከማዶ የሚመጣ ልጁን ይጠብቃል፤ ሌላ ምንም የለም። ፈተናውን በጓደኛዋ ማስታወሻ አለፈች፤ በኋላም በዚያው ማስታወሻ አስተማረች።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እናቷ ያሉት ቡሬ ነው፤ በደኅናው ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ደርሳ ትመለስ ነበር። አሁን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ይዘጋል። ስልኩም እንደዚያው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የሚታረም ደብተር ቢጠፋ መጽሐፉን አነሣችው። ሽማግሌው የውኃውን ልክ በድንጋይ ምልክት ያደርጋል። ትናንት ከነበረበት አንድ ጣት ጎድሎ ሲያገኘው ደስ ይለዋል፤ በማግስቱ ሁለት ጣት ሞልቶ ይጠብቀዋል። ያምሮት ከገጹ ቀና አለች። እሷም ጧት ጧት መናኸሪያ እየሄደች «የቡሬ መኪና አለ?» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ሰማንያኛውን ገጽ ማለፏን ያወቀችው መቶ ሃያኛው ላይ ደርሳ ነው።

በስድስተኛው ቀን ጨረሰችው። ለሰው መንገር አማራት፤ ሰው ግን አጣች። ኋላ የቀድሞ ተማሪዋ ውዳሴ ትዝ አለቻትና ሽንኩርት ወደምትሸጥበት ገበያ ወረደች።

«ያን መጽሐፍ ሳላነበው ነው ያስተማርኋችሁ» አለቻት። «ገና አሁን ጨረስሁት።»

ውዳሴ መመዘኗን አላቋረጠችም። «እኔም እኮ አላነበብሁትም፣ መምህርት። የርስዎን ማስታወሻ ሸምድጄ ነው ያለፍሁ።»

ሁለቱም ሳቁ።

«ይቆዩ ግን፣ ሽማግሌው ለምን አይሻገርም?» አለች ውዳሴ።

ያምሮት ድሮ «የባህላዊው ኅብረተሰብ ተምሳሌት ስለሆነ» ብላ ታስጽፍ ነበር። «ልጁ በሌላ መሻገሪያ መጥቶ እንዳይተላለፉ ብሎ ነዋ» አለች።

ውዳሴ መመዘኗን አቋረጠች። ወዲያው ሁለት ገዢዎች መጡባት። ያምሮት ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ ገዢው አላቋርጥ ሲል ተሰናብታት ሄደች።

ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ከመጽሐፉ የወደደችውን ቦታ ገልጣ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።