ፊቱ የትኛው ነው?

ልብስ ሰፊው ኮምፒውተሩን ትክ ብሎ ያየዋል፤ ኮምፒውተሩም እሱን። ሁለቱም ምንም አልገባቸውም።

ባለፈው ወር ልጁ መጥታ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የቀድሞውን ፕሮግራም አጥፍታ ሊኑክስ የሚባል ነገር ጭናበት ሄዳለች። "አባዬ፣ አሁን እንደ አዲስ ሆነልህ" ብላው ነበር። አዲስነቱስ ባልከፋ፤ ግን የሚያውቀው ምልክት ሁሉ ቦታውን ለቆ፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ አደረገው።

በእጁ አንድ ዲስክ ይዟል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ልጃቸው የሱቁን የአንድ ቀን ውሎ በድምፅ የቀዳችበት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷ ደንበኛ እየለካች ልኩን ስትጠራ፣ እሱ ሲጽፍ ኖረዋል። ዛሬ ጠዋት መርፌው ላይ ክር ሲያስገባ ድምጿን ለማስታወስ ሞክሮ አቃተው። ደነገጠ። ሥራውን ጥሎ የተነሳው ለዚህ ነው።

ዲስኩን አስገባ። ኮምፒውተሩ ጥቂት አጉረመረመና "ዲስክ የለም" የሚል ጽሑፍ አወጣ።

"እንዴት የለም? አሁን አልዋጥከውም እንዴ?"

ለልጁ ደወለ።

"አባዬ፣ ፋይል እየፈለግክ እንዳይሆን። የድምፅ ዲስክ እንደ ፎቶ ፋይል ሆኖ አይታይም። ማጫወቻውን ክፈትና 'ዲስክ አጫውት' የሚለውን ንካው።"

ነካው። እምቢ አለ። አውጥቶ መለሰው፤ ያው ነው። በሐር ቁራጭ ወለወለው፤ ያው ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እፍ ብሎም ሞከረው።

"ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?" አለች ልጁ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጭረት እንዳለው ሊያይ ዲስኩን አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው።

"ለመሆኑ ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ ነው ያስገባኸው?" አለች ልጁ።

"ታዲያስ! አርባ ዓመት ሰፍቼ ፊትና ጀርባ ይጠፋኛል?"

"የትኛውን ነው ፊት የምትለው?"

"የሚያብረቀርቀውን ነዋ!"

ልጁ ሳቋ አመለጣት። "አባዬ፣ ሳቲን ጨርቅ መሰለህ እንዴ? የሚያብረቀርቀው ወደ ታች ነው!"

ጌጥን ወደ ታች የሚደፋ ምን ዓይነት ባለሙያ ነው እያለ ገልብጦ አስገባው። ማጫወቻውን ነካ። መጀመሪያ የስፌት መኪና ድምፅ መጣ። ዞር ብሎ የራሱን መኪና አየ፤ ቆማለች። ከዚያ ሚስቱ እንደ ልማዷ ከወዲያ ጥግ ጮኸች።

"ደረት ዘጠና ሁለት! ወገብ ሰባ አራት! ሰማኸኝ? ጻፍ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!"

"አባዬ? ተሰማ?" አለች ልጁ በስልኩ።

እሱ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ፣ ወረቀት እየፈለገ ነበር።

"ቆይ ልጄ" አለ፤ "ወገቡን አልጻፍኩም።"