ዓሣው የዋጠው መንደር

ዓሣ ስል ዓሣ ማለቴ ነው። ይህን ለእኛ መንደር ሰው ማስረዳት ግን ውሃ መውቀጥ ነው።

እኛ ኑቢያውያን በሰርግ ላይ ስንሸራደድ ያደግን ነን። ዘፋኟ ቆንቋናውን የሙሽራ አባት በስሙ አትጠራውም፤ «አዞው ዛሬም አፉን አልከፈተም» ብላ ስታቀነቅን ሰርገኛው ሁሉ ዞሮ እሱን ያያል። እንዲህ ለሠለጠነ ጆሮ ስለ ወንዝ አውሬ አንድ ነገር ካወራችሁለት፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ማንን ነው?» ብሎ ነው።

እኔ ናብራ፣ የመንደሩ አስተማሪ፣ ይህን ረሳሁት። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሙቀቱን ሸሽተው በመንደሩ ክበብ ግቢ ጥላ ሥር ሲሰበሰቡ ተረት እፈጥርላቸዋለሁ። የዚያ ሳምንቱ ስለ አንድ ግዙፍ አምባዛ ነበር። አምባዛው ወንዙ ዳር አፉን ከፍቶ ይተኛል። አንድ ቀይ ቆብ ያደረገ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ ያይና «ሰፊ ነው፣ ግቡ!» ይላል። መንደሩ ከነፍየሉ ይገባል፤ አምባዛው አፉን ግጥም ያደርጋል። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እንዴት እንደሚወጡ ለሐሙስ አሳደርኩት።

ሳይመሽ ወሬው መንደሩን አዳረሰው። አምባዛው የድሮ መንደራችንን ያሰጠመው ግድብ ነው ተባለ። ሆዱ ደግሞ ቀያችን በውሃ ሲዋጥ ያሰፈሩን ይህ አዲስ ሐልፋ ነው፤ ወንዛችን የሌለበት፣ መንደሩ እንኳ በቁጥር የሚጠራበት። ስለ ቀይ ቆቡ ግን ሁሉም አፉን ያዘ። የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ጓዳ አስገብታ።

«ምን ነክቶሽ ነው ወንድሜን አደባባይ ያሰጣሽው?»

«የትኛውን ወንድምሽን?»

«ሳሚልን ነዋ። አንቺ ያኔ ጡት ትጠቢ ነበር። ውሃው ሳይመጣ አዲሱን አገር አይቶ ይምጣ ብሎ መንደሩ የላከው እሱን ነው። አይቶ መጣና ‹ሰፊ ነው፣ ጥሩ ነው› አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊቱ ላይ ያነሳበት የለም። አንቺ በልጅ አፍ አነሳሽበት።»

አጎቴ ሳሚል አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። ቀይ ቆብ አድርገውም አያውቁ! ቆቡን ያመጣሁት ልጆች እንዲስቁ ብዬ ነው።

እየሮጥኩ ቤታቸው ስደርስ ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ እያጠፉ ነበር። ዓርብ በባቡር ፖርት ሱዳን፣ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። በሰባ ዓመታቸው፣ በዚያ በታመመ ደረት፣ በዚያ የባሕር ሙቀት። ከሄዱ እንደማይመለሱ እሳቸውም ያውቁታል።

«አጎቴ፣ ዓሣ እኮ ነው። በአላህ እምላለሁ፣ ዓሣ ነው» አልኳቸው።

«አልተቆጣሁሽም ልጄ።»

«ስለ እርስዎ አላውቅም ነበር።»

«እሱ ነው የባሰው። ሳታውቂ ተናገርሽው።» አንድ ሸሚዝ ደጋግመው አጠፉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ሰውዬው ይወጣል?» አሉ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ባለ ቀይ ቆቡ። ከሌሎቹ ጋር ይወጣል?»

ገና አላሰብኩትም ነበር። እንደዚያው ነገርኳቸው፤ እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ሄድኩ።

ሐሙስ ዕለት የመጡት ልጆች ብቻ አይደሉም። ወንዶቹ የክበቡን ወንበር ሊጠግኑ የመጡ መስለው ተደረደሩ። ጎረምሶቹ «ዓሣውን በቢላ እረጂው» አሉኝ። አሮጊቶቹ «የድሮ ቦታችን ወስዶ ይትፋን» አሉኝ። እኔም ተነስቼ አምባዛው አምባዛ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ አስረዳሁ።

«እሺ፣ እሺ፣ ቀጥይ» አሉኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ።

ቀጠልኩ። መንደርተኛው የዓሣውን ጉሮሮ በዘንባባ ኮረኮረው። ሊያስነጥሰው ሲል አፉ ሊከፈት ነው፣ ግን ለአፍታ ብቻ ነው፤ ውስጡም ድቅድቅ ጨለማ። «ማን ይቅደም?» ብዬ እንደ ልማዴ ልጆቹን ጠየቅኩ።

«ፍየሏ» አለ አንዱ።

ከአሮጊቶቹ መካከል ሐጃ ሻያ ተነሱ። ምላሳቸውን የሰርግ ዘፋኞች እንኳ ይፈሩታል። የበኩር ልጃቸው መቃብር ውሃ ሥር ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ለአጎቴ ሰላምታ ሰጥተው አያውቁም። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

«ባለ ቀይ ቆቡ ይቅደም» አሉ። «አንገቱን አስግጎ ያየው እሱ ነው፤ መንገዱን ሌላ ማን ያውቀዋል? ደግሞ የላክነው እኛው ነን። ልከነው ስናበቃ ጥፋቱን ለእሱ ብቻ አሸከምነው።»

«ሐጃ፣ ዓሣ እኮ ነው» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ፣ ተረት አታውቂም።»

ከዚያ ወደ አጥሩ ዞሩ። አጎቴ ማንም ያላያቸው መስሏቸው ከውጭ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«ሳሚል፣ ምን ይገትርሃል እዚያ? ግባና ልጆቹን ምራ፣ ዓሣው አፉን ሊገጥም ነው።»

አጎቴ ገቡ። ልጆቹ ሳይነገራቸው የአጎቴን ጀለቢያ ጫፍ ይዘው ከኋላቸው ተሰለፉ። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው «በቀኝ ነው በግራ?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ፣ እርስዎ ነዎት ያዩት» አልኳቸው።

በግራ ታጠፉ። ግቢውን መዞር ሲጀምሩ ሐጃ ሻያ ከሰልፉ መጨረሻ የአንዱን ልጅ ትከሻ ይዘው ገቡ።

«ቀስ በል እንጂ ሳሚል፣ አሮጊት አለ» አሉ።

አጎቴ ቆሙ። «ድረሺ ሻያ፣ እጠብቅሻለሁ» አሉ። «የትም አልሄድም።»