ምንም አትሠራም

መዝጋቢው ዘጠነኛውን ቤት ሲያንኳኳ፣ ጫማው ውስጥ የከረመው ጠጠር ከእሱ ይበልጥ መንደሩን ለምዶ ነበር። የመጣው ከትምህርትም ከሥራም የቀሩ የገጠር ወጣት ሴቶችን ሊመዘግብ ነው። ለተመዘገቡት የስድስት ወር የፓምፕ ጥገና ሥልጠና አለ፤ ምዝገባው ዛሬ ያበቃል። ቅጹ መሐል ሰፋሪ አያውቅም። ያለው ሁለት ሳጥን ነው፤ «ትሠራለች» እና «ምንም አትሠራም»። የመጀመሪያው ላይ ምልክት ያረፈባት ትሰረዛለች። በሁለተኛው ላይ ደግሞ ወላጅ መስክሮ ይፈርማል።

በሩን የከፈተችው ልጅ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ካቋረጠች አራት ዓመት ሆኗታል። ወንበር አቀረበችለትና እናቷን በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው።

«እናቴ፣ ልጅዎ ምን ትሠራለች?»

«ምን የማትሠራው አለ ብለህ ነው፣ ልጄ።» እናቷ ቀና ብለው ተቀመጡ። «ውሃው እሷ፣ ከብቱ እሷ፣ አባቷ ታሞ ከተኛ ወዲህ እርሻውም እሷ። የጎረቤት ፓምፕ ሲቆምስ የሚጠሩት ማንን መሰለህ?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። መዝጋቢው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። ከጠዋት ጀምሮ ስምንት እናቶች ስምንት ልጆቻቸውን በሙገሳ አሰርዘዋል።

«ምንም አትሠራም ካላሉኝ አይሆንም፣ እናቴ።»

«ወይ ጉድ። የኔን ልጅ ሥራ ፈት ልታስብል ነው ቤቴ ድረስ የመጣኸው?»

«እኔ አይደለሁም፤ ወረቀቱ ነው።»

«ወረቀቱማ ምን ያርግ፣ ውሃ ቀድቶ አያውቅ።»

«እማ» አለች ልጅቷ፣ «ዛሬን ብቻ ስደቢኝ።»

«ነገ ባል ሲመጣ እኮ ይሄ ወረቀት ነው ቀድሞ የሚደርሰው።»

«የባሉ ምዝገባ ገና ነው። ዛሬ የሚያበቃው የፓምፑ ነው።»

እናቷ በሩ ሥር የተደረደሩትን ሦስት ጀሪካኖች አዩ። ስድስት ወር ሙሉ ማን እንደሚሞላቸው ማንም አልጠየቀም፤ ቅጹም ላይ የለም። ወገባቸውን ያዝ አደረጉ።

«ጻፍ እንግዲህ። እጅ እግሯን አጣጥፋ ነው የምትውለው። ብርጭቆ አንስታ አታውቅም። ቦዘኔ ናት።»

«ይበቃል፣ እናቴ።»

መዝጋቢው ምልክቱን አደረገና ለአውራ ጣታቸው ቀለም ከፈተ። እሳቸው ግን እስክሪብቶውን ከእጁ ወስደው፣ ፊደል በፊደል፣ በየመሐሉ እየተነፈሱ ስማቸውን ጻፉ።

«ማን አስተማረዎት?» አለ ሳያስበው። ወዲያው ጥያቄውን መልሶ መዋጥ አማረው።

እናቷ ወደ ልጃቸው ዘወር አላሉም።

«በራሴ ነው» አሉ። «እሷማ ምን ታውቃለች።»